ቁጥሩ ያልተጻፈበት ፕሮባዮቲክ መጋዘን አይግባ

ለሥጋ ዶሮዎቹ ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት የሚጠቅም ሕያው ባክቴሪያ የያዘ የመኖ ወይም የውኃ ተጨማሪ) የሚገዛ አርቢ የሚከፍለው በሕይወት ላሉ ባክቴሪያዎች ነው። ባክቴሪያዎቹ አንጀት ሳይደርሱ ካለቁ፣ ወይም ከመነሻውም ቁጥራቸው ካነሰ፣ ገንዘቡ የወጣው ለተለወሱበት ኖራ ወይም ፉርሽካ ነው። «ሰጥተን ለውጥ አላየንም» የሚሉ አርቢዎች ብዙ ናቸው፤ አልተሳሳቱም፣ ለውጥ አላዩም። ግን ችግሩ በአብዛኛው ከአመራረጡና ከአሰጣጡ ላይ ነው። የዝርያው መለያና በአንድ ግራም ውስጥ ያለው የሕያው ባክቴሪያ ቁጥር ያልተጻፈበት ምርት መጋዘን መግባት የለበትም ብለን እናምናለን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ከጤነኛ አዋቂ ዶሮ አንጀት የተወሰደ ይዘት ለጫጩቶች ሲሰጥ ሳልሞኔላ በአንጀታቸው እንዳይሰፍር እንደሚከላከል አሳይተዋል። እናቷ ያቀፈቻት ጫጩት ከእናቷ ኩስ የምታገኘውን ባክቴሪያ በማሽን የተፈለፈለችው አታገኝም። አንጀቷ ገና ያልተያዘ መሬት ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይሰፍርበታል። ላክቶባሲለስና መሰሎቹ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ከቀደሙ የአንጀቱን ግድግዳ ይይዛሉ፣ ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ፣ በሽታ አምጪዎቹ ኢ. ኮላይና ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚራቡበትን ምግብም ይሻማሉ። ንጥረ ምግብ የሚመጥጡት እንደ ጣት የቆሙ ጥቃቅን እጥፋቶች ሳይጎዱ ያድጋሉ፤ አንጀትን ለመጠገን ይባክን የነበረው ጉልበት ወደ ሥጋ ይዞራል። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚያዋጣው የመጀመሪያው ሳምንት ነው። በ4ኛው ሳምንት ዶሮዎቹ ሲያስቀምጣቸው ፕሮባዮቲክ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ጊዜው አልፎበታል።

አሁን ወደ ከረጢቱ ጽሑፍ እንምጣ፤ አብዛኛው ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። በብዙ ምርቶች ላይ ውጤት የሚጠበቀው በአንድ ኪሎ መኖ ከ100 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ሲገባ ነው። በአንድ ግራም 1 ቢሊዮን የያዘ ምርት በአንድ ቶን መኖ 500 ግራም ቢጨመር፣ በኪሎ 500 ሚሊዮን ይደርሳል፤ በቂ ነው። በግራም 10 ሚሊዮን ብቻ የያዘው ሌላ ምርት በዚያው 500 ግራም ልክ ሲገባ ግን በኪሎ 5 ሚሊዮን ነው፤ ከመቶ አንድ እጅ። ሁለቱ ከረጢቶች ጎን ለጎን ተደርድረው ሊሸጡ ይችላሉ፤ ርካሹም አርቢውን ይስበዋል። ዋጋ ሲነጻጸር በኪሎ ምርት ሳይሆን በአንድ ቶን መኖ በሚያስገባው ባክቴሪያ ልክ ይሁን። ቁጥሩ በተመረተበት ቀን ነው ወይስ የአገልግሎት ጊዜው እስኪያበቃ የሚጠበቅ? ይህም መጠየቅ አለበት።

በከረጢቱ ላይ «ባሲለስ ሳብቲሊስ» የሚለው የባክቴሪያ ስም ብቻውን አይበቃም። የአንድ ባክቴሪያ ዝርያዎች በሥራቸው ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹም ለአንቲባዮቲክ የመቋቋም ባሕርይ ይዘው ወደ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ለዓመታት በመኖ ሲጨመር የቆየ አንድ የባሲለስ ዝርያ በዚሁ ዓይነት ሥጋት እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓ ኅብረትን ፈቃድ ተነፍጓል። ከስሙ ቀጥሎ የዝርያው መለያ ፊደልና ቁጥር የሌለው ምርት ምን እንደያዘ ማንም ሊያጣራው አይችልም።

ቀጥሎ ሙቀት ይመጣል። መኖ ተጨቁኖ እንክብል (ፔሌት) በሚሆንበት ማሽን ሲያልፍ ከ75 እስከ 90 ዲግሪ ሴልሲየስ ይሞቃል፤ ላክቶባሲለስና ኢንትሮኮከስ ልዩ መከላከያ ሽፋን ካልተደረገላቸው በዚህ ያልቃሉ። ባሲለስ ግን ስፖር፣ ማለትም ሙቀት የሚቋቋም ጠንካራ ቅርጽ፣ ስለሚሠራ አብዛኛው ይተርፋል። እንግዲያው ለፔሌት ባሲለስ፣ ለዱቄት መኖና ለውኃ ላክቶባሲለስ ይሻላል። በእርሻው ላይ ዱቄት መኖ ለሚቀላቅል፦ 500 ግራሙ መጀመሪያ በ5 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ፣ ከዚያ በ50 ኪሎ ይለወስ፣ በመጨረሻ ወደ ቀሪው ይግባ። በቀጥታ ወደ አንድ ቶን ከተጣለ አንዱ መጋቢ ብዙ ያገኛል፣ ሌላው ምንም። የተከፈተ ከረጢት አፉ ታስሮ በደረቅና ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ይቀመጥ፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሳምንታት የከረመ ላክቶባሲለስ የመለያው ቁጥር አይኖረውም።

በውኃ መስጠት ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሸውም በቀላሉ ነው። ዋናው ገዳይ ክሎሪን ነው። ፕሮባዮቲኩ ከሚሰጥበት አንድ ቀን ቀደም ብሎ የክሎሪን ማከሚያው ይዘጋ፤ ውኃው ክሎሪን ይዞ የሚመጣ ከሆነ ክሎሪኑን የሚያከሽፈው ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨመር። ለክትባት እንደሚደረገው ቅባቱ የወጣ የወተት ዱቄት በሊትር 2.5 ግራም መጨመርና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መጠበቅም ይሠራል፤ ነገር ግን ወተቱ በቱቦ ውስጥ ለአተላና ለሻጋታ ምግብ ስለሚሆን በዚያው ቀን መስመሩ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት። ቱቦው ጫጩቶች ከመምጣታቸው በፊት በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከተጸዳ ቅሪቱ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የሚበጠበጠው መጠን ጫጩቶቹ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው የሚጨርሱት ብቻ ይሁን። በ32 ዲግሪ በሚሞቅ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ በባልዲ የቆየ ድብልቅ ማንን እያራባ እንደሆነ አይታወቅም።

አንቲባዮቲክ እየተሰጠ ፕሮባዮቲክ መስጠት ገንዘብ መድፋት ነው። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ከ3 እስከ 5 ቀን መስጠት ግን ትርጉም አለው፤ መድኃኒቱ ጎጂውንም ጠቃሚውንም ጠርጎ ስለሚያልፍ። ሞነንሲንና ሳሊኖማይሲን የመሳሰሉት የኮክሲዲያ (አንጀትን የሚጎዳ ጥገኛ ተሕዋስ) መከላከያዎችም አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይነካሉ፤ ከየትኛው ጋር አብሮ መሰጠት እንደሚችል ምርቱ ላይ ካልተጻፈ ሻጩ በጽሑፍ ይመልስ።

ፕሮባዮቲክ ኮክሲዲያን አያክምም፣ እርጥብ ጉዝጓዝን አያደርቅም፣ የቀዘቀዘ ጫጩትን አያሞቅም። «አንቲባዮቲክን ይተካል» እየተባለ መሸጡ አርቢውን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በተጫረው ጉዝጓዝ የአሞኒያ ሽታ ዓይን እያቃጠለ፣ ጫጩቶች ቤቱ በገቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንገታቸው ሥር ያለው የመኖ ከረጢት ሳይሞላ ቢቀር፣ ምንም ያህል ቢሊዮን ቢጨመር አንጀት አይቀናም። አንጀቱ እንዴት እንዳለ ማየት ለሚፈልግ ኩሱ ብዙ ይናገራል፦ ቡናማ ሆኖ ከላዩ ነጭ ቆብ ያለው ጤነኛ ነው፤ አረፋ የያዘ፣ ብርቱካናማ ንፍጥ ያለው ወይም ያልተፈጨ እህል የሚታይበት ችግር አለ ማለት ነው። በ21ኛው ቀን ገደማ አንድ ሁለት ዶሮ ታርዶ አንጀቱ በቁመቱ ሲሰነጠቅ፣ የጤነኛው ጠርዝ ወደ ውጭ ይጠቀለላል፤ የተጎዳው ቀጭንና ልፍስፍስ ሆኖ ተዘርግቶ ይቀራል።

ይሠራ አይሠራ የሚለው በሻጭ ምስክርነት ሳይሆን በሚዛን ይወሰን። ያንኑ የጫጩት ምድብ በአንድ ቤት ውስጥ በወንፊት ሽቦ ለሁለት መክፈል፤ መኖው፣ ሙቀቱና የዶሮው ብዛት አንድ ሆኖ ፕሮባዮቲኩ ለአንዱ ወገን ብቻ መስጠት፤ በውኃ ከሆነ የሚሰጠው መስመሩንም መለየት። በ7ኛው፣ በ21ኛውና በ35ኛው ቀን ከየወገኑ 100 ዶሮ ሳይመረጥ ይመዘን፤ የተበላው መኖና የሞተው ይመዝገብ። በ7ኛው ቀን ክብደቱ ከተፈለፈለበት ቢያንስ 4 እጥፍ ካልሆነ ችግሩ ከፕሮባዮቲክ በፊት ያለ ነገር ነው።

ሒሳቡ ከዚያ ይቀጥላል። 2,060 ኪሎ የቁም ክብደት ለማውጣት ወደ 3,300 ኪሎ መኖ ከሄደ ምጣኔው፣ ማለትም ለአንድ ኪሎ ክብደት የሄደው መኖ፣ 1.60 ነው። ፕሮባዮቲኩ ወደ 1.56 ካወረደው የተረፈው መኖ 82 ኪሎ ገደማ ነው፤ በቶን 500 ግራም ሒሳብ የዋለው ምርት ደግሞ 1.6 ኪሎ ገደማ። የ82 ኪሎ መኖ ዋጋ ከ1.6 ኪሎ ምርት ዋጋ ካልበለጠ አያዋጣም። የ0.04 ልዩነት በአንድ ዙር በአጋጣሚም ሊመጣ ስለሚችል በሚቀጥለው ዙር ወገኖቹን አቀያይሮ መድገም ያስፈልጋል፤ በ3 ዙር ልዩነቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበለ ምርቱ ይያዝ፣ ካልሆነ ገንዘቡ ለደረቅ ጉዝጓዝና ለተሻለ የጫጩት ማሞቂያ ይዋል።