የሰው ዘፈን መጫወት ነጻ ነው ያለው ማነው?

ትናንት ደብረ ብርሃን ሰርግ ላይ አድረን ሂሳባችን በግማሽ ተቆረጠ። ምክንያቱ? «የሰው ዘፈን አይደል እንዴ የምትጫወቱት!»

በቃ፣ መረረን! የሰው ዘፈን ስለሆነ ጣታችን አይደክምም? አራቱን የዜማ ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺሆዬን፣ አሳምሮ መጫወት በአንድ ሌሊት ይመጣል? ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በዚያ የጥር ውርጭ፣ ድንኳን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይዞ ማምሸት እስቲ ይሞከር! ክሩ በረዶ ነው። ጣት ይደነዝዛል። ቅኝቱ ይዛባል፣ እንደገና ይቃኛል። ሙሽሮቹ ሲገቡ አንዲት ኖታ ብንስት ግን አገር ይያዝልኝ ነው።

መጠጥ ቤቱም ያው ነው። «አንድ ጨምሩ» እየተባለ ይነጋል፤ ክፍያ ሲደርስ ባለቤቱ ስልክ አያነሳም። ለድንኳኑ፣ ለበሬው፣ ለቪዲዮው ሙሉ ይከፈላል። እኛ ስንሆን ለምን ይቆረጣል? ቀሪ ሂሳባችን ይሰጠን!