ውዳሴ አውራ ጣት

የገጠሩን አባወራ ለሚስቱ አያስብም የሚሉ ሰዎች ይፈሩ። ሚስቱን ተበዳሪ ለማድረግ እንደሱ የሚደክም ማን አለ? የብድር ስብሰባ ሲጠራ በጠዋት ቀስቅሶ የሚልካት እሱ፣ «አምስት ሆናችሁ ተዋዋሱ» ሲባል የጎረቤት ባሎችን ሳይቀር አግባብቶ ቡድኑን የሚሞላላት እሱ። ብር በሚሰጥበት ቀን ደግሞ ከጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ሥር ዱላውን ተደግፎ፣ ጥላውን እየተከተለ ይጠብቃታል። ከተማ ውስጥ ሚስቱን ባንክ በር ላይ ሦስት ሰዓት የሚጠብቅ ባል አሳዩኝ!

የውስጡም ሥርዓት ያማረ ነው። ስሟ ይጠራል፣ አውራ ጣቷ ቀለም ይነካል፣ ውሉ ላይ ይታተማል። አንብቡልኝ ብላ ሰው አታስቸግርም። ብሩን ተቀብላ መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች። ከመስኮቱ እስከ በሩ አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሪፖርት ላይ «ሴቶችን በኢኮኖሚ ማብቃት» የሚባለው ይኸው አሥራ አምስት እርምጃ ነው። በሩ ጋ ሲደርስ መቀነቱ ይፈታል።

ማመልከቻው «በግ ማድለብ» ይላል። ሒሳቡን እሷ በልቧ ይዛዋለች፦ ከፋሲካ ሦስት ወር ቀደም ብሎ አራት አውራ በግ፣ መጀመሪያ የትል መድኃኒት፣ ከዚያ ድርቆሽ፣ ፉርሽካ፣ ትንሽ የኑግ ፋጉሎ፣ ጨው። ዘጠና ቀን። ፋሲካ ካመለጠ ገዥ ይጠፋል፣ በጉም ቆሞ ትርፉን ይበላል። አባወራው ይህ ሁሉ ጭንቅላቷን እንዳያዞረው ብሎ በብሩ የአምናውን የማዳበሪያ ዕዳ ይዘጋል፣ የተረፈውን ለአባቱ ተዝካር ያውለዋል። ማመልከቻው ግን ዋሽቷል አይባልም። አንድ በግ ተገዝቷል፤ ተዝካሩ ላይ ታርዷል።

ሕግ አዋቂነቱም አይረሳ። የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ባልም ሚስትም ይስማሙ ይላል። ይህ ሲነገረው አባወራው ከልቡ ይስማማል። የሚፈርመው ግን «ፈቅጃለሁ» በሚለው መስመር ነው፣ «ተበድሬያለሁ» የሚለውን ለእሷ ክብር ትቶላታል። ያው ሕግ የጋራ ሀብትን አብራችሁ አስተዳድሩ እንደሚል የነገረው ሰው ካለ ደግሞ፣ ያን ቀን ገበያ ሄዶ ነበር።

አሁን ወደ መመለሱ። 20,000 ብር ተበደረች እንበል፤ ወለዱ 18 በመቶ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ በጠቅላላው ላይ ቢታሰብ 23,600 ትመልሳለች። እንቁላል አንዱን በ15 ብር ብትሸጥ 1,574 እንቁላል ነው። የአበሻ ዶሮ በዓመት 50 ከጣለች አትታማም፤ ስለዚህ 32 ዶሮ ያስፈልጋታል። ያሏት አራት ነበሩ፣ አንዷን ሸለምጥማጥ በልቷታል። እዚህ ላይ የአባወራው ጨዋነት ይታያል፦ በእንቁላልና በቅቤ ብር እጁን አያስገባም። የሴት ገንዘብ ነው፤ ዕዳው ከዚያው ይከፈላል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ያሉት አበው ብድሩ እንኳ በሴት እንደሚያልቅ አላሰቡም ነበር።

የቁጠባ ደብተሯ በስሟ ነው። የተቀመጠው ከመሬት ይዞታ ደብተሩ ጋር ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ባልየው አንገት ላይ። ዘመኑን አውቆ ብሩ በቴሌብር ይላክላት ያለም አለ። ግሩም ሐሳብ! ስልኩ ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ስለሆነ አሥራ አምስቱ እርምጃም ይቀርላታል።

ተቋማቱም አላነሱም። የአማራው ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አብቁተ፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ ነው፤ የኦሮሚያው ስንቄ ባንክ ተብሏል፣ ያገባች ሴት የመብቷ ምልክት አድርጋ በምትይዘው በትር ስም። ግድግዳውን የተደገፈው ዱላ ብቻ እንደድሮው ዱላ ነው።

ቀኑ ደርሶ ብር ሲጎድል አራቱ የቡድኑ ሴቶች ደጇ ይቆማሉ። እሷ ካልከፈለች ለእነሱም ቀጣዩ ዙር አይለቀቅም፤ ስለዚህ በጨዋ ቋንቋ አይመጡም። አባወራውን የሚጠይቅ የለም። ዶሮዎቹ ይሸጣሉ፣ ዕቁቧ ባልደረሰ ተራ ይለመናል፣ ከዘመድ ይጨመርበታል፣ ይከፈላል። የብድር ባለሙያው መዝገቡ ላይ «ሙሉ በሙሉ ተመላሽ» ብሎ ይጽፍና የምሥራቹን ይነግራታል፦ ጎበዝ ከፋይ ስለሆነች በሚቀጥለው ዙር 30,000 ተፈቅዶላታል።

አባወራው ይህን ሲሰማ ዱላውን አነሳ። «በይ ጣትሽን ታጠቢና እንሂድ፤ ቀለሙ እንዲይዝ።»