ከውጭ ለመጣ ዘመድ ቁልፉን ከመስጠታችን በፊት

የአክስቴ ልጅ ገናን አብሮን ሊያከብር ከዴንቨር መጣ። አሜሪካ ከ20 ዓመት በላይ ነድቷል፤ አንድም ቀን ተጋጭቶ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን መኪና ተከራየና ወደ ሐዋሳ እንሂድ አለ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «እዚያ ይህን በ3 ሰዓት ነው የምጨርሰው» አለኝ። ከምሳ በኋላ ተነሳን።

በፍጥነት መንገዱ ሁሉም ሰላም ነበር። 120 ይፈቀዳል፣ አጥር አለው፣ መስመሩ ሰፊ ነው። ችግሩ የመጣው ከዚያ ከወጣን በኋላ ነው። በ120 ሲነዳ የቆየ ሰው 80 ራሱ ቀርፋፋ ይመስለዋል። አሮጌው መንገድ ደግሞ መኪና ብቻ የሚሄድበት አይደለም። ተማሪ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው፣ ጋሪው ገበያ የሚደርሰው፣ ከብቱ ውሃ የሚወርደው በእሱ ነው። አንዲት ጥጃ ከተሻገረች እናቷም ትከተላለች። ይህን ገጠር ያደገ ሰው ሳያስብ ያውቀዋል፤ እግሩ ቀድሞ ፍሬን ላይ ያርፋል። ዴንቨር ለ20 ዓመት የነዳ ሰው ግን ከየት ያምጣው?

ቡልቡላን እንዳለፍን ጨለመብን። እዚህ ላይ ከስቶክሆልም ወይም ከሚኒሶታ የሚመጡ ሰዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። እዚያ በበጋ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ረጅም ሰዓት ይቆያል። እኛ ጋ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ፀሐይ ትገባለች፣ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ድቅድቅ ይላል። ከፊት የሚመጣው ረጅም መብራቱን አይቀንስም። የእግረኛው ጋቢ ከሩቅ አይታይም።

በዚያ ሰዓት መሀል አስፓልቱ ላይ ቅጠል አየሁ። «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ከቅጠሉ ቀጥሎ የድንጋይ ረድፍ፣ ከድንጋዩ ቀጥሎ አንድም መብራት የሌለው የተበላሸ የጭነት መኪና። ሁለት ሜትር ሲቀረን ቆምን። የአክስቴ ልጅ ቅጠሉን አይቶት ነበር። ነፋስ የጣለው መስሎት ነው። አስፓልት ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ካያችሁ ከፊታችሁ የቆመ መኪና አለ ማለት ነው። አንዳንዴ መኪናው ተጠግኖ ሄዶ ድንጋዩ ብቻ ይቀራል፤ እሱም ያው ይገድላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አቋሜ አንድ ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ፣ የእኛው ልጅም ቢሆን፣ ከከተማ ውጭ በማታ መንዳት የለበትም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደግሞ በጭራሽ መሪ አይያዝ። ከዋሽንግተን በቀጥታ የሚመጣው በረራ ብቻ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የቀንና የሌሊቱ መገለባበጥ ሲጨመርበት ከሰዓት በኋላ ዓይን ሳይታወቅ ይከደናል። አቅሙ ካለ መንገዱን ከሚያውቅ ሹፌር ጋር መከራየት ይሻላል። ሹፌር መያዝ የችሎታ ማነስ አይደለም።

እነዳለሁ ላለ ደግሞ ጥቂት ነገር ልንገረው። የውጭ መንጃ ፈቃዱ እዚህ እንደሚሠራና ኢንሹራንሱ እሱን እንደሚያካትት ሳይነሳ ያረጋግጥ። እዚያ መብራት ብልጭ የሚያደርግለት ሰው «እለፍ» እያለው ይሆናል፤ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ «እየመጣሁ ነው፣ ልቀቅልኝ» ማለት ነው። ከፊቱ ያለው የጭነት መኪና ፍሬቻ ቢያሳየው፣ በራሱ ዓይን ሳያይ አይቅደም። ሲኖ ትራክን ሰው «ቀይ ሽብር» የሚለው በከንቱ አይደለም፤ ከመጣ ዳር ይያዝለት። የልጆች መቀመጫ ከዚያው ይዞ ይምጣ፤ በኪራይ መኪና ማግኘት ከባድ ነው።

ቁልቁለት ለብቻው መነገር አለበት። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። ኦቶማቲክ ብቻ የለመደ ሰው ማርሹን «ዲ» ላይ ትቶ ፍሬን እየረገጠ ይወርዳል። ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም አይዝም። ኦቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር እዚያ ላይ ማድረግና ሞተሩ እንዲይዘው መተው ነው። አደጋ ከደረሰ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፣ ፖሊስ በ991። ቁጥሮቹን ስልኩ ላይ ይመዝግባቸው።

እኛ አስተናጋጆቹስ? በዚያ ማታ አክስቴ ሐዋሳ ላይ እራት አዘጋጅታ ትጠብቀን ነበር። በየ20 ደቂቃው ትደውላለች። «የት ደረሳችሁ? ወጡ እኮ ቀዘቀዘ!» በፍቅር ነው። እሱ ግን ስልኩ በጮኸ ቁጥር ነዳጅ ይረግጥ ነበር። ከዚያ የጭነት መኪና ኋላ ቆመን እጁ እየተንቀጠቀጠ ሳለ እንደገና ደወለች። እኔ አነሳሁትና የሆነውን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እዛው አቅራቢያ እደሩ ልጆቼ፤ ለቁርስ ትደርሳላችሁ» አለችን። አርሲ ነጌሌ አደርን።