ማስረጃ የለም አትበሉን፣ አልሰበሰብንም በሉን

የአየርላንዱ ፋረሊ ኮሚሽን ሪፖርት ከወጣ ወዲህ አንድ አባባል እየተደጋገመ ጨጓራዬን ልጦታል። "ግሬስ መናገር ስለማትችል እውነቱን ማወቅ አይቻልም" ይባላል። የሚሉት ሰዎች ደግሞ ክፉዎች አይደሉም፣ ከልብ አዝነው ነው የሚሉት፣ እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ላልተከታተለ ባጭሩ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ግሬስ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ልጅ ነበረች፣ በ1989 ደቡብ ምስራቅ አየርላንድ ውስጥ ላለ አሳዳጊ ቤተሰብ፣ ማለትም ለፎስተር ተሰጠች። በ1995 እዛ ቤት ይላክ ከነበረ ሌላ ሰው ጋር በተያያዘ የወሲብ ጥቃት ጥርጣሬ ተነሳና ከእንግዲህ ማንም እዛ እንዳይላክ ተወሰነ። ግሬስ ግን እዛው ቀረች! በ1996 እሷም ትውጣ ተባለ፣ አሳዳጊዎቹ ተቃወሙ፣ እስከ ጤና ሚኒስትሩ ድረስ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ውሳኔው በዛው ዓመት ታጠፈ። የወጣችው በ2009 ነው። ሀያ ዓመት ሙሉ።

ኮሚሽኑ ይሄን ጉዳይ እንዲመረምር በ2017 ተቋቁሞ በኤፕሪል 2025 ወደ 2000 ገጽ የሚጠጋ ሪፖርት አወጣ፣ ከ13 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጣበት። በእንክብካቤዋ ላይ ቸልተኝነት ነበር አለ፣ በገንዘቧም በኩል ብልሹ አያያዝ ወይም ብዝበዛ ነበር አለ፣ የመንግስት አካላት ለዓመታት ክትትል አላደረጉም አለ። ወሲባዊ ጥቃት ደርሷል ብሎ መደምደም ግን አልቻለም። አሳዳጊዎቹም ክደዋል። እሺ፣ ኮሚሽን በሌለው ማስረጃ አይፈርድም፣ እሱን እቀበላለሁ። ከዛ በኋላ የመጣውን "ምን ይደረግ፣ አትናገርማ" የሚለውን ነው የማልቀበለው።

ምክንያቱም ማስረጃ ከሰማይ አይወርድም፣ ሰው ሄዶ ነው የሚሰበስበው። ነገሩ በየትኛውም አገር እንዴት እንደሚሄድ እዩት። አንዲት የደይ ሴንተር፣ ማለትም አካል ጉዳተኞች ቀን የሚውሉበት ማዕከል ሰራተኛ፣ መናገር ለማትችል ልጅ ልብስ ስትቀይርላት ጭኗ ላይ የበለዘ ነገር ታያለች። መዝገቡ ላይ "የግራ ጭን፣ ሰማያዊ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል" ብላ ትጽፋለች። አለቃዋ "ወድቃ ይሆናል" ይላል፣ ለሶሻል ወርከሯ ይደወላል፣ ሶሻል ወርከሯ ወይ ስራ ቀይራለች ወይ እረፍት ላይ ናት ወይ መጀመሪያውኑ አልተመደበችም፣ መዝገቡ ይዘጋል። ብልዘቱ ቢበዛ በሁለት ሶስት ሳምንት ይጠፋል። ያኔ ፎቶ ያነሳ የለም፣ ሀኪም ያየ የለም፣ ለፖሊስ የነገረ የለም። ከብዙ ዓመት በኋላ ጠበቆች ተሰብስበው "በቂ ማስረጃ አላገኘንም" ይላሉ። እንዴት ታገኙ! ማስረጃው ያለው እዛ ቀን ላይ ነበር፣ እዛ ቀን ላይ ደግሞ ማንም አልመጣም፣ ያልመጣው መስሪያ ቤት አለመምጣቱ ራሱ መከላከያ ሆኖለት ያርፋል። ከዚህ የሚመች ነገር ምን አለ? መናገር የማይችል ሰው የምትጠብቅ ከሆነ ስራህን ባልሰራህ ቁጥር የሚጠይቅህ ይቀንሳል ማለት እኮ ነው።

መናገር የማይችል ሰው ደግሞ ዝም አይልም። አንድ ሰው ሲገባ ይሸማቀቃል፣ ሰው ፊት ልብሱን ያወልቃል፣ ራሱን ይነክሳል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ወደ ቤት ልትመልሰው ስትል መኪናው ውስጥ አልገባም ብሎ መሬት ይቀመጣል። ይሄን ሁሉ የጉዳቱ ባህሪ ነው ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፣ የማንኛውም ሌላ ልጅ ቢሆን ግን በማግስቱ ፖሊስ በሩ ላይ ይቆም ነበር። በ2012 ላንሰት በተባለው የህክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት አካል ጉዳተኛ ልጆች ለጥቃት የመጋለጥ እድላቸው ከሌሎች ልጆች ወደ አራት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይቷል። ስለዚህ ጥርጣሬው መነሻ መሆን ያለበት ለእነሱ ነው፣ የምናየው ግን ተቃራኒውን ነው።

ገንዘቡን ደግሞ ተዉት። የአካል ጉዳት አበል በየሳምንቱ የሚገባ ገንዘብ ነው፣ ደረሰኝ አለው፣ ባንክ አለው። እሱን ለማጣራት ግሬስ አንድ ቃል መተንፈስ አይጠበቅባትም ነበር። እሱንም ያየ የለም። እንግዲህ "አትናገርም" የሚለው ሰበብ እዚህ ጋ ምን ሊሰራ ነው?

አሁን ደግሞ የመጣች አዲስ ክርክር አለች፣ ቁጥጥር ካበዛችሁ አሳዳጊ ቤተሰብ የሚሆን ሰው ይጠፋል የምትል። ይሄን ሳነብ ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። የሬስቶራንት ኩሽና ሳይነገረው ይፈተሻል፣ ባለቤቱ ተናዶ ምግብ መስራት አላቆመም። በሩ ሲንኳኳ የሚሸሽ አሳዳጊ ካለ ይሽሽ፣ ያ እኮ ኪሳራ አይደለም፣ በነፃ የተደረገ ማጣሪያ ነው። ደህናዎቹን አሳዳጊዎች የሚያሸሻቸው ብቻቸውን መተዋቸው ነው፣ እረፍት የሚሰጣቸው ማጣታቸው፣ ስልክ ሲደውሉ የሚያነሳ ማጣታቸው። እነሱ ቤት የሚመጣ ሰው ቢኖር ደስ ነው የሚላቸው።

ሌላው የማይነገርለት ነገር እድሜዋ ነው። ግሬስ 18 ሲሞላት እዛው ቤት፣ እዛው ክፍል፣ እነዛው ሰዎች ጋር ነች፣ የህፃናት ጥበቃ ሕጉ ግን ሻማዋ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። አየርላንድ የተባበሩት መንግስታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ያፀደቀችው በ2018 ነው፣ አንቀፅ 16 ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀ አገልግሎት በሙሉ በገለልተኛ አካል ይፈተሽ ይላል፣ ገለልተኛ ነው ያለው እንጂ ራሱ መስሪያ ቤቱ ራሱን ይገምግም አላለም። የአገሪቱ የሕግ ማሻሻያ ኮሚሽንም በ2024 ለአዋቂዎች ጥበቃ ረቂቅ ሕግ አዘጋጅቶ አቅርቧል። የፋረሊ ሪፖርት ሲወጣ ረቂቁ ገና ረቂቅ ነበር።

የአየርላንድ የጤና አገልግሎት መስሪያ ቤት (HSE) በ2017 ፍርድ ቤት ይቅርታ ጠይቆ 6.3 ሚሊዮን ዩሮ ካሳ ከፍሏል፣ ገንዘቡ የግብር ከፋዩ ነው፣ በ1996 ትውጣ የተባለውን ውሳኔ የሻሩት ሰዎች ኪስ አልተነካም። በሚቀጥለው የሚኒስትሮች መግለጫ ላይ "ትምህርት ወስደናል" የሚል ካለ ጋዜጠኞች አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፣ ዛሬ አሳዳጊ ቤት ያሉ መናገር የማይችሉ አዋቂዎች ስንት ናቸው፣ እያንዳንዳቸውንስ አሳዳጊው ክፍሉ ውስጥ ሳይኖር ያያቸው ሰው መቼ ነው የሄደው? በስምና በቀን ይመልሱ።