የክልል ምግብ ብላችሁ ጠርታችሁ በርገር?

አዲስ አበባ ውስጥ የተዘጋጀ የምግብና የወይን ፌስቲቫል ሄጄ ተቃጥዬ ተመለስኩ። የክልል ምግብ ቤቶች ይመጣሉ ተብሎ ነበር። እኔም የትግራይን ጥህሎ፣ የዶርዜን ቆጮ በዳጣ እቀምሳለሁ ብዬ ጓጉቻለሁ። ከፍዬ ስገባ የጠበቀኝ በርገር፣ ፒዛና ሻዋርማ ነው! ይሄማ ቦሌ በየመንገዱ አለ።

ክትፎ ያለው አንድ ድንኳን ብቻ ነው። ወረፋው አያድርስ! ተራዬ ሲደርስ በወረቀት ሳህን ሰጡኝ። ቀዝቅዟል፣ ቅቤው ረግቶ ነጭ ሆኗል። ቆጮው አልቋል፣ በዳቦ ብላው አሉኝ። ክትፎ እኮ ለብ ብሎ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር በጣባ ካልቀረበ ምኑን ክትፎ ሆነ?

ወይኑ ደግሞ ይባስ። ዝዋይ አካባቢ ወይን ይለማል፣ ደህና ቀይ ወይንም ይወጣዋል። እነሱ ግን ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ ደርድረው፣ የሞቀውን በፕላስቲክ ኩባያ ይቀዳሉ። ጣፋጭ ነው ወይስ ደረቅ ብትል የሚመልስልህ የለም። ጠጅማ ጭራሽ የለም። በማር አገር!

አንዲት ባለ ምግብ ቤት ስጠይቃት የድንኳኑ ኪራይ አይቀመስም አለችኝ። ታዲያ ጥህሎ የምትሠራ እናት በምን አቅሟ ትምጣ? ለእነሱ ቦታውን በነፃ ስጧቸው እንጂ!