ነፋሱ ከጣሪያ በላይ ነው፣ የምንተነፍሰው ከታች ነው

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ ስለ መኪና ጭስ ተጠየቁ። «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናት፤ ነፋሱ ይጠርገዋል» ብለው መለሱ። ጠያቂውም አመስግኖ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

የቱ ነፋስ ነው የሚጠርገው? ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗ እውነት ነው። ጭሱ ግን እንጦጦ ጫፍ ላይ አይደለም የሚወጣው። ከሚኒባሱና ከሲኖትራኩ ሆድ ሥር፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ስንዝር ከፍ ብሎ ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ በረጃጅም ሕንፃ ከታጠረ፣ አቋርጦት የሚመጣው ነፋስ አብዛኛው በጣሪያዎቹ ላይ ያልፋል። ወደ ታች የሚገባው ጥቂቱም እዚያው ይሽከረከራል። ከምሥራቅ የመጣ ነፋስ እንውሰድ። የምዕራቡን ሕንፃ መትቶ ይወርዳል፤ አስፋልቱ ላይ ያገኘውን ጭስ ይዞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከምሥራቁ ሕንፃ ሥር ያከማቸዋል። የሕንፃው ቁመት የመንገዱን ስፋት ሲያህል ደግሞ ይብሳል። በአንድ መንገድ ሁለት ዳር የተቀመጡ ሁለት ሊስትሮዎች እንኳ እኩል ጭስ አይስቡም! ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የከተማ አየር አጥኚዎች ለአሥርተ ዓመታት ሲለኩት የኖሩት ነገር ነው።

ሰው ጣሪያ ላይ አይውልም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው የሚቆመው፤ በቆሎ እየጠበሰ መንገድ ዳር ነው የሚውለው። የሕፃን አፍንጫማ ለጭስ ማውጫው ከሁላችንም ይቀርባል። ለእነዚህ ሰዎች «ነፋሻ ከተማ ናት» ማለት ንቀት ነው።

«በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ነገሩ በራሱ ይፈታል» የሚሉም አሉ። ክልከላው ጥሩ ነው። ግን ቀድሞ የገባው አሮጌ የናፍጣ መኪና ነገም ይነዳል። ኤሌክትሪኩም ቢሆን ከጎማውና ከፍሬኑ ብናኝ ይወጣዋል።

ዛፍ መትከልም ብቻውን መልስ አይሆንም። በጠባብ መንገድ ላይ ቅርንጫፉ የተጋጠመ ዛፍ ጭሱን ከታች አፍኖ ይይዘዋል። በመኪናውና በእግረኛው መሃል ዝቅ ያለ ጥቅጥቅ አጥር ቢተከል ይሻላል።

የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድ አስፍቷል፣ እሰየው። አሁን ደግሞ ዳር ዳሩን ሕንፃ ሊሞላው ነው። ሳይረፍድ የአየር ብክለት መለኪያ ይተከል፤ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ታክሲ ሰልፉ አጠገብ፣ በሰው አፍንጫ ልክ። ከዚያ የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ በሕንፃና በሕንፃ መሃል ክፍተት ይጠየቅ። ባለሀብቱ ጥቂት ካሬ ሜትር ቢቀርበት አይሞትም።