ማስተካከያ፦ በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ብድር ላይ

ዲግሪ ይዘው በአሜሪካ ሕክምና ለመማር ለሚያመለክቱ ባወጣነው ጽሑፍ «የጎደለውን ወጪ ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል» ብለን ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይህ ብድር ቀርቷል። የሕክምና ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። ከዚያ ቀን በፊት ትምህርቱን ጀምረው ለዚያው የተበደሩ ግን ለተወሰነ ጊዜ በቀድሞው ደንብ ይቀጥላሉ።

ለምሳሌ ክፍያው፣ ኪራዩና ኢንሹራንሱ ተደምሮ በዓመት 85,000 ዶላር ቢመጣ በየዓመቱ 35,000፣ በአራት ዓመት 140,000 ዶላር ይጎድላል። የግል ባንክ ያበድራል፤ ነገር ግን የክሬዲት (ያለፈ ብድር አከፋፈል) ታሪክ ያያል፣ ብዙ ጊዜም ዋስ ይጠይቃል። ስለዚህ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን የራሱን ድጎማ ይጠይቁ። ለፌዴራል ብድር የወላጅ ገቢ አያስፈልግም፤ ለድጎማው ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች ይጠይቃሉ፣ ዕድሜዎ 30 ቢያልፍም እንኳ። የወላጅ ገቢ የሚሞላበትን ቦታ ባዶ ትተው ድጎማው የሚያመልጣቸው አሉ።

ሌላም ስህተት ነበረብን። የኤምካት (የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ) ፈተና የክፍያ ቅናሽ ከተመዘገቡ በኋላም ይጠየቃል ያልነው ትክክል አይደለም። ቅናሹ ወደ ኋላ አይሠራም፤ አስቀድሞ የከፈሉት አይመለስም። ማጽደቂያው እስኪደርስዎ ካርድዎን አያውጡ።